ከእግዚአብሔር ጋር የተኮራረፋችሁ፣ ላሊበላን እዩ

ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ ከእግዚአብሔር ጋር ተኮራርፋችሁ ታውቃላችሁ? «የምን ኩርፊያ ነው ደግሞ!» እንዳትሉኝ። ከተማችን ውስጥ ስንቱ ነው አኩርፎ የሚኖረው! ፈተና ሲወድቅ ያኮርፋል። ቪዛ ሲከለከል ያኮርፋል። ፍቅረኛው ትታው ሌላ ስታገባ «ስንት ስለት ተስዬ!» ብሎ ያኮርፋል። በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍ መሳለሙን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ማተቡን ግን አይበጥሳትም፤ ምናልባት አንድ ቀን ይታረቁ ይሆናላ!

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ። አንዳንዱ ኩርፊያ የሚያስቅ አይደለም። አንዲት የማውቃት ወጣት እናቷ በካንሰር ታመሙባት። ሥራዋን ትታ አስታመመቻቸው፤ ጾመች፣ ሰገደች፣ ጠበል ወሰደቻቸው፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ተንከራተተች። እናትየው ሞቱ። «መከራ እምነትን ያጠነክራል የሚሉት ሰዎች የማንን መከራ አይተው ነው? የእኔን እምነት እንደሆነ ጠራርጎ ነው የወሰደው» አለችኝ። እንዲህ ላለው ጥያቄ ጥቅስ ጠቅሶ መመለስ ቀላል ነው፤ ሰሚው ግን ጥቅሱን ከአንተ በፊት ያውቀዋል።

እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ በ2015 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም ወደ ላሊበላ ተጓዝኩ። ለምን ላሊበላ? መከራ እምነትን ያጠነክር ወይም ያጠፋ እንደሆነ ለመጠየቅ፣ መከራን ደጋግማ ያስተናገደች፣ ጸሎቷንም ያላስታጎለች ከተማ ከማግኘት የተሻለ ምን አለ?

የገናዋ ሳትሆን የጾሟ ላሊበላ

አብዛኞቻችን ላሊበላን የምናውቃት በገና ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ነጭ የለበሰው ምእመን ቋጥኙን ሞልቶት፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ፣ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ፣ ቴሌቪዥኑ እንኳ ዕጣን ዕጣን የሚሸት ይመስላል። በላሊበላ ያ ቀን የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የቅዱስ ላሊበላ ልደት ጭምር ሆኖ ነው የሚከበረው። በእግር ቀናት ተጉዞ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው።

በዓቢይ ጾም ግን ላሊበላ ሌላ ናት። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም። ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዜማውን ዝግ አድርገው ይቃኙታል። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነውና ሕዝቡ እህል ውኃ ሳይቀምስ ይቆያል። ከተማዋ ያለችበት ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁል ሲያያችሁ «እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?» የሚል ይመስላል።

መንገዱም ቢሆን ጾም ነው። በደሴ፣ በወልድያ አድርጋችሁ ጋሸና ስትደርሱ ከዋናው አስፋልት ትገነጠላላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ላስታ ነው፤ ተራራ በተራራ ላይ፣ አፈሩ ታጥቦ አለቱ የወጣ፣ ማሳው ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ አገር። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ በመስኮት አፍጥጬ ሳይ ጊዜ፣ «ይሄን አርሶ የሚበላ ሕዝብ ካልጸለየ ማን ሊጸልይ ነው?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

መከራዋን እንቁጠር

ላሊበላ ቀድሞ ሮሐ ትባል ነበር። ስሟን ያገኘችው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ከነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ባይገርማችሁ፣ የቦታው ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በመከራ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ላሊበላ ከመንገሡ በፊት በገዛ ቤተሰቡ ተጠላ፣ ተሳደደ፣ መርዝ አጠጡት። ሦስት ቀን እንደ በድን ተጋድሞ ሳለ ወደ ሰማይ ተነጥቆ እነዚያን ከአለት የሚፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አየ። ልብ በሉ! ራእዩ የታየው በዙፋን ላይ አይደለም፤ መርዝ ጠጥቶ በተጋደመበት ነው።

አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ስትዞሩ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ፣ በስተደቡብ በኩል አለቱን ሰርስራ የገባች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ቤተ ደናግል ትባላለች። በ4ኛው መቶ ዓመት በዑልያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ለሞቱ ደናግል መታሰቢያ ናት። ላሊበላ ውስጥ መከራ የራሱ ቤት አለው ማለት ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የኢማም አሕመድ ጦር እዚህ ደርሷል። የጦርነቱን ታሪክ በፉቱሕ አል ሐበሻ የጻፈው የኢማሙ ወገን የሆነው ዐረብ ፋቂህ ነው። እሱ እንደሚተርከው ኢማሙ መነኮሳቱን በእሳት ሊፈትን እንጨት አስከመረ። አንድ መነኩሴ ወደ እሳቱ ሊገባ ሲነሣ አንዲት መነኩሲት ቀደመችው፤ ወንጌሉን የሚያስተምረን ሰው ዓይኔ እያየ አይሞትም ብላ ዘላ ገባች። ኢማሙ ራሱ «አውጧት» ብሎ አዘዘ፤ ተለብልባ ወጣች። የሴትየዋን ድፍረት መዝግቦ ያቆየልን የራሷ ወገን ሳይሆን ከወዲያ በኩል የቆመ ሰው መሆኑ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ያ ዓለም ሁሉ ኮረምን በቴሌቪዥን አይቶ ያለቀሰበት ድርቅ ወሎንና ትግራይን መታ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና የውጭ እንግዳ ቀረ፤ ከተማዋ ደግሞ ኑሮዋ እንግዳ ነው። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በመንግሥት ጦር እጅ ተመለሰች። ታኅሣሥ 3 ደግሞ እንደገና መያዟ ተሰማ። ከገና በፊት እንደገና ተለቀቀች። አራት ወር ከምናምን ውስጥ ይህ ሁሉ! መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ያም ሆኖ የዚያን ዓመት ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ቤዛ ኵሉ ተዘመረ።

እኔ ደርሼ ከተመለስኩ በኋላም ቢሆን ዕረፍት አላገኘችም። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተኩስ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ በጥቅምት 2016 መጨረሻ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ውጊያ ነበር።

«ጾሙ የዱሮ ነው፣ ጦርነቱ ነው እንግዳ»

ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ባለው መንገድ ዳር ጧፍና ሻማ የሚሸጡ እናት አገኘሁ። ሰባ የሚጠጉ ናቸው። ጧፍ ገዛሁና ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጨዋታ ተጀመረ። የወሎ ሰው ጨዋታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ልቅሶውም ቅኔ ነው።

«እማማ፣ ከተማው የተያዘ ጊዜ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ ልጄ? ጉልበቴ ከዚህ እስከዚያ ነው። ልጆቹ ወደ ገጠር ሸሹ፤ እኔ ቤቴን ይዤ ቀረሁ።»

«ምን ይበሉ ነበር?»

«ጊዜው ፍልሰታ ሆነ፤ ድሮውንም አንበላም» አሉና ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ከተማዋ ሐምሌ 29 ስትያዝ ነሐሴ 1 የሚገባው የፍልሰታ ጾም ሁለት ቀን ነበር የቀረው። እማማ ቀጠሉ። «ወፍጮ ቤቱ መብራት የለውም። እንደ ጥንቱ በእጃችን ፈጨን። አንዷ ጎረቤት ገብስ ነበራት፤ ለሁላችን እፍኝ እፍኝ ሰፈረችልን። ሌላዋ ጨው ነበራት። ሰንበቴያችን እንኳ አልታጎለም፤ ጠላው ቀርቶ ውኃ፣ ዳቦው ቀርቶ ቆሎ ሆነ እንጂ። ልጄ፣ ጾሙ የዱሮ ነው፤ ጦርነቱ ነው እንግዳ። እኛ ለእንግዳው ብለን የዱሮውን አንተውም።»

እኔ ደግሞ ጥያቄዬን አውጥቼ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔርን አልተቀየሙትም?»

«ኧረ ተቀይሜዋለሁ እንጂ!» አሉ፣ ሊመቱኝ እንደ ማለት እጃቸውን ሰንዘር አድርገው። «የእኅቴ ልጅ ሞቷል። እንዴት አልቀየምም? ግን ስቀየመውም ሄጄ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ ነው። ‹አንተዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?› እለዋለሁ። አልቅሼ አልቅሼ ሲመሽ ቤቴ እገባለሁ። ነገም እሄዳለሁ። ሌላ የማውቀው ደጅ የታለና?»

ውድ አንባቢያን፣ የእኛ ኩርፊያና የእማማ ኩርፊያ ልዩነቱ ታያችሁ? እኛ ስናኮርፍ ጥለን እንሄዳለን፤ እሳቸው ግን አኩርፈውም ከደጁ አይጠፉም።

«ለእኔ የተዘጋ መሥሪያ ቤት ነበር»

እንግዲህ እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣኝ ነበር። ነገር ግን ላሊበላ ሁሉም ሰው እንደ እማማ አይደለም። የዞርኩት ከአንድ አስጎብኚ ጋር ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሦስት የውጭ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። ኮሮና ሲመጣ ሥራው ቆመ። ካሜራውን ሸጠ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ አልጋውን። ጦርነቱ ሲመጣ የሚሸጥ ነገር አልነበረውም።

«እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «ለእኔ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የተዘጋ መሥሪያ ቤት ነበሩ። ባየኋቸው ቁጥር ንዴቴ ይነሣል። መከራ እምነትን ያጠነክራል የሚለኝን ሰው በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ የሚለው ሰው ሁልጊዜ ምሳ የበላ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን መለሰህ?»

«የንስሐ አባቴ። ግን አልሰበኩኝም። ቢሰብኩኝ አባርራቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ በሬያቸው ያወሩኛል። አንድ ቀን ‹ከታች ያሉት አሮጊት ውኃ የሚቀዳላቸው አጥተዋል፣ አንተ ጉልበት አለህ› አሉኝ። ቧንቧው ደርቋል፤ ጄሪካኑን ተሸክሜ ከወንዝ አመጣሁላቸው። በነጋታውም አመጣሁ። ሴትዮዋ በተቀበሉኝ ቁጥር እጄን ስመው ይመርቁኛል። ምን ልበልህ… እምነቴ በአንድ ቀን ብድግ አላለም። ጄሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ ስወጣ፣ አንድ ቀን ራሴን ስጸልይ አገኘሁት።»

ይህ ሰው የነገረኝን ልብ ብላችሁታል? የመለሰው ረሀቡ አይደለም። ረሀቡማ ነው ያስኮረፈው! የመለሱት ቅዳሜ ቅዳሜ የመጡት ቄስና የተሸከመው ውኃ ናቸው።

በጨለማው መንገድ

በማግሥቱ ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወሰደኝ። ከዚያ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያልፍ፣ በአለት ውስጥ የተቦረቦረ መተላለፊያ አለ። ሲኦል ይሉታል። ምእመናን ያለ ብርሃን ነው የሚያልፉት፤ የነፍስን ጉዞ ለማሰብ። አስጎብኚዬ ሞባይሌን ሳወጣ አየና «አጥፋው» አለኝ። «ቀኝ እጅህን ግድግዳው ላይ አድርግ። ግራህን ከራስህ በላይ ያዝ፣ ጣሪያው እንዳይመታህ። አትሩጥ።»

ገባን። ጨለማ ስላችሁ የኮረንቲ መጥፋት ዓይነት ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ዓይናችሁን ብትጨፍኑም ብትከፍቱም አንድ ነው። ርዝመቱ ያን ያህል አይደለም፤ ግን እግር ሲጠራጠር አንድ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፊቴ የአስጎብኚው እግር ኮቴ፣ ከኋላዬ የአንዲት ሴት «ማርያም፣ ማርያም» የሚል ሹክሹክታ ይሰማኛል። መዳፌ ሥር ያለው አለት ቀዝቃዛ ነው። ከእኔ በፊት ስንቱ ሰው መዳፉን እዚህ ቦታ ላይ እያሳረፈ እንዳለፈ አሰብኩ። ጥቂት ቆይቶ ጭላንጭል መጣ።

ስንወጣ፣ «ብዙ ቱሪስት ጨለማው እንዴት እንደሚያስደንቅ ይነግረኛል» አለ። «ጨለማውማ ምን ሠራ? ያወጣህ ግድግዳው ነው።»

እኔም ከዚያች ወጣት ለተቀበልኩት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። መከራ ጨለማ ነው፤ ጨለማ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር አያደርሰውም፤ ሲያጋጨው ነው የሚውለው። እምነታቸው በመከራ የጠለቀ ሰዎች መከራው ከመምጣቱ በፊት የተዘረጋ፣ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ግድግዳ የነበራቸው ናቸው። ለእማማ ግድግዳው ጾሙ፣ ሰንበቴው፣ የጎረቤት እፍኝ ገብስ ነው። ለአስጎብኚው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ቄስ ናቸው። መከራው የሠራው ነገር ቢኖር፣ በብርሃን ጊዜ ግድግዳውን ሳያዩት ያልፉ የነበሩትን በመዳፋቸው እንዲያውቁት ማድረጉ ነው።

ታዲያ ለእኛ ለከተሜዎቹስ?

አንደኛ፣ መከራን አናቆነጃጅ። በ1977 ዓ.ም. ያለቁት ሕፃናት እምነታቸው እስኪጠልቅ ጊዜ አላገኙም። ረሀብ የሚያስፈልገው ምስጋና ሳይሆን እህል ነው፤ ጦርነት የሚያስፈልገው ቅኔ ሳይሆን ሰላም ነው። «ድሃው እምነቱ ጠንካራ ነው፣ ደስተኛ ነው» እያልን ከነድህነቱ ፎቶ አንስተነው መመለስ ነውር ነው። እማማ ጠንካራ ናቸው፤ ግን ወፍጮ ቤቱ ቢሠራላቸው፣ የእኅታቸውም ልጅ በሕይወት ቢኖር እምነታቸው የሚቀንስ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ጓደኛችሁ ሲያዝን «ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩት ትልቁ መልካም ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው! የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው መከራውን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ሄዳችሁ ተቀመጡ። ቡና አፍሉ፣ ውኃ ቅዱ፣ ስለ በሬ አውሩ፤ በሬ ከሌላችሁ ስለ ኳስ አውሩ።

ሦስተኛ፣ ግድግዳውን በሰላሙ ጊዜ ዘርጉ። አብዛኞቻችን የምንጸልየው ፈተና ሲደርስ ነው፤ የምንሳለው ስንታመም ነው። እንዲህ ያለው እምነት የመጀመሪያው እምቢታ ሲመጣ የሚይዘው ነገር ያጣል። ትንሽ ነገር ይሁን፤ ሳይቋረጥ ግን ይሁን። አንዲት አጭር ጸሎት፣ በወር አንድ ቀን ማኅበር፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አንድ በሽተኛ። ለእማማ ጦርነቱን ያሻገራቸው በጦርነቱ ቀን የጀመሩት ነገር አይደለም።

አራተኛ፣ ማኮረፍ ካለባችሁ በሩ ላይ ሆናችሁ አኩርፉ። ዳዊት እንኳ በመዝሙሩ ስንት ጊዜ ነው ፈጣሪን «ለምን ተውከኝ» እያለ የሞገተው? ተናደዱ፣ አልቅሱ፣ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ብቻ አትጥፉ። ለተከፋ ሰው ትልቁ አደጋ ቁጣው አይደለም፤ ቁጣውን የሚነግረው ማጣቱ ነው።

በመጨረሻም፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ላሊበላን እዩዋት። ገና ደስ ይላል፤ እኔ ግን በጾም ሂዱ እላለሁ፣ ከተማዋ ጸጥ ስትል ሰው ይገኛል። አስጎብኚ ቅጠሩ፤ የምትከፍሉት ገንዘብ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ጧፍ ስትገዙ ዋጋ አትከራከሩ። ከቤተ ገብርኤል ስትወጡም ሞባይላችሁን አጥፉና ቀኝ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጉ።

ቸር ይግጠመን!